ዘፈኑን መቁጠር ቀለለ፣ ባለቤቱን ማወቅ ከበደ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ የቆየ ዘፈን ተከፍቷል እንበል። ሾፌሩ ስልኩን ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ዘፈኑን ከኢንተርኔት ያስደምጣል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ቀስ ብለው አብረው ያንጎራጉራሉ። ረዳቱ «ሒሳብ!» እያለ ይሰበስባል፤ ተሳፋሪውም ሁሉ ይከፍላል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሣ፦ ለዘፈኑስ ማን ከፈለ? ከተከፈለስ ለማን ደረሰ?

ድምፃዊውን ሁላችንም እናውቀው ይሆናል። ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማውን ማን ደረሰው? ማንስ አቀናበረው? ከተሳፋሪዎቹ መካከል የሚመልስ ላይገኝ ይችላል። እኛን የሚያሳስበን ግን የተሳፋሪዎቹ አለማወቅ አይደለም። ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ኮምፒዩተርም ብዙ ጊዜ መልሱን የማያውቅ መሆኑ ነው።

ሮያሊቲ ማለት አንድ የፈጠራ ሥራ በሌሎች ጥቅም ላይ በዋለ ቁጥር ለባለመብቱ የሚከፈል ድርሻ ነው። ለረጅም ዘመን የዚህ ክፍያ ዋናው ችግር «ዘፈኑ ስንት ጊዜ ተደመጠ?» የሚለው ነበር። የዲጂታል ቴክኖሎጂ ይህን ጥያቄ ከሞላ ጎደል መልሶታል። ይሁንና ችግሩን አላጠፋውም፤ ወደ ሌላ ጥያቄ አሻገረው እንጂ። አዲሱ ጥያቄ «ዘፈኑ የማን ነው?» የሚል ነው። ይህም የስም፣ የመዝገብና የመረጃ ጥያቄ በመሆኑ ለሕግ ባለሙያዎችና ለከያንያን ብቻ የሚተው አይደለም። ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስና ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማሩትን ሁሉ ይመለከታል የሚል አቋም አለን።

ከፓሪስ ቡና ቤት እስከ አዋጅ ቁጥር 410

ታሪኩ በአንድ ያልተከፈለ ሒሳብ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1847 ኤርኔስት ቡርዤ የተባለ ፈረንሳዊ ደራሲ ሌዛምባሳደር በተባለው የፓሪስ የሙዚቃ ቡና ቤት ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ የራሱ ሥራ በመድረክ ሲቀርብ ይሰማል። ሒሳብ ሲጠየቅ «እናንተ ለሥራዬ ካልከፈላችሁ እኔም ለመጠጡ አልከፍልም» አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ለደራሲዎቹ ፈረደ። ይሁን እንጂ አንድ ደራሲ በየምሽቱ በየቡና ቤቱ እየዞረ ሥራው መቅረብ አለመቅረቡን ሊከታተል አይችልም። በዚህም ምክንያት በ1851 ሳሴም የተባለው የደራሲያን፣ የዜማ ደራሲያንና የአሳታሚዎች ማኅበር በፈረንሳይ ተቋቋመ። ብዙ ባለመብቶች መብታቸውን ለአንድ ማኅበር አደራ ሰጥተው ማኅበሩ ሰብስቦ የሚያካፍልበት «የጋራ አስተዳደር» የሚባለው አሠራር በዚህ መልክ መሠረት ያዘ።

በአገራችን የኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ቦታ ተሰጥቶት ነበር። በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። አዋጁ የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን መንገድ ደነገገ።

አንባቢያን አንድ ነጥብ እንዲይዙልን እንፈልጋለን። አዋጅ 410 ለደራሲው ጥበቃ ለመስጠት ምዝገባን እንደ ቅድመ ሁኔታ አይጠይቅም፤ ሥራው ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም ከተጻፈ ወይም ከተቀዳ፣ መብቱ ከዚያችው ዕለት ጀምሮ ይጸናል። ሕጉ «ተመዝገብ» አይልም። ገንዘቡ ግን፣ ወደፊት እንደምናሳየው፣ «ካልተመዘገብክ አላውቅህም» ይላል። የዘመናችን ችግር ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

ናሙናና ቆጠራ

በካሴት ዘመን በአገራችን በተለመደው አሠራር የግጥምና የዜማ ደራሲው በአብዛኛው አንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሰናበት ነበር። ካሴቱ አንድ ሺህ ቢሸጥም መቶ ሺህ ቢሸጥም ለእርሱ ለውጥ አያመጣም። የጋራ አስተዳደር በጠነከረባቸው አገሮች ደግሞ ማኅበራቱ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ፈቃድ እየሰጡ ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር፤ ለማን ስንት እንደሚደርስ የሚወስኑት ግን ብዙውን ጊዜ በናሙና ነበር። ከስርጭቱ የተወሰኑ ሰዓታትን መርጠው ይሰማሉ፣ የተሰማውን ይመዘግባሉ፣ ገንዘቡንም በዚያ መጠን ያካፍላሉ።

ናሙና የስታቲስቲክስ ታላቅ መሣሪያ ነው፤ ድክመቱ ግን ብርቅ በሆነው ላይ ይታያል። በዓመቱ ስርጭት ውስጥ ከ10,000 ዘፈኖች አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ የአንድ ክራር ደርዳሪ ሥራ አለ እንበል። ማኅበሩ በዘፈቀደ 1,000 ስርጭቶችን ቢመርጥ ይህ ሥራ በናሙናው ውስጥ አንድም ጊዜ ሳይገኝ የመቅረት ዕድሉ ስንት ነው? 0.9999 በራሱ 1,000 ጊዜ ሲባዛ 0.905 ያህል ይሆናል። በሌላ አነጋገር እንዲህ ያሉ 100 ደራሲዎች ቢኖሩ 90 ያህሉ ምንም አያገኙም ማለት ነው። የቀሩት ጥቂቶች ደግሞ ከሚገባቸው በላይ ያገኛሉ። በአማካይ ፍትሕ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ግን ሎተሪ ነው።

ዲጂታል ዘመን ይህን ሎተሪ አስቀረ። እ.ኤ.አ. በ1999 ናፕስተር ሲጀመር ሙዚቃ ከቁጥጥር ውጪ የወጣ መስሎ ነበር። በ2003 አይቲዩንስ ሙዚቃን በፋይል መሸጥ ጀመረ፤ በ2008 ስፖቲፋይ አገልግሎቱን ከፈተ። በአገራችንም በ2019 አውታር የተባለው የሙዚቃ መተግበሪያ በከያንያን ተነሣሽነት ሥራ ጀመረ። ፋይሉን ሳይገዙ ከኢንተርኔት እያወረዱ የማድመጥ ዘዴ፣ ስትሪሚንግ የሚባለው፣ የገበያው ዋና መንገድ ሆነ። የዓለም አቀፉ የሙዚቃ አሳታሚዎች ፌዴሬሽን ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2024 ከተቀዳ ሙዚቃ በዓለም ላይ ከተገኘው 29.6 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 69 በመቶው የመጣው ከስትሪሚንግ ነው። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ መደመጥ ከነሰዓቱና ከነአገሩ በኮምፒዩተር ይመዘገባል። ናሙና በቆጠራ ተተካ።

ማሽን እንዴት ያውቀዋል?

በሬዲዮ፣ በሆቴል ወይም በቪዲዮ ውስጥ የሚሰማውን ዘፈንም ማሽን መለየት ይችላል። ለዚህ የሚያገለግለው «የድምፅ አሻራ» የተባለው ዘዴ ነው። ሻዛም የተባለው አገልግሎት የሚሠራበትን ዘዴ ኤቨሪ ዋንግ በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ ገልጾታል። ኮምፒዩተሩ ድምፁን በጊዜና በድግግሞሽ ከፋፍሎ እንደ ካርታ ይሥለዋል። ከካርታው ላይ እጅግ ጎልተው የሚታዩትን ነጥቦች ብቻ ይይዛል፤ ልክ ሌሊት ሰማይ ላይ ደማቆቹን ከዋክብት ብቻ እንደ መምረጥ ነው። ከዚያም ነጥቦቹን ጥንድ ጥንድ እያደረገ በመካከላቸው ያለውን የጊዜ ርቀትና የሁለቱንም ድግግሞሽ ይመዘግባል። የጠጅ ቤት ጫጫታ ደብዛዛዎቹን ነጥቦች ቢሸፍንም ደማቆቹ ስለሚቀሩ ዘፈኑ ይታወቃል። ዩቲዩብም ከ2007 ጀምሮ ተመሳሳይ ዓላማ ያለው መለያ ሥርዓት ይጠቀማል።

ይሁን እንጂ የዚህን ዘዴ ሁለት ወሰኖች ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ አሻራው የሚለየው አንድን የተወሰነ ቅጂ ነው። ያንኑ ዘፈን ሌላ ድምፃዊ በበዓል ዝግጅት ላይ እንደገና ቢዘፍነው የነጥቦቹ አቀማመጥ ስለሚለወጥ ማሽኑ ላያውቀው ይችላል። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ አሻራው «ይህ ቅጂ ያኛው ነው» ከማለት አያልፍም። የቅጂው ግጥም የማን እንደሆነ ከድምፁ ሞገድ ውስጥ ሊገኝ አይችልም። ያንን የሚያውቀው በሰው እጅ የተሞላ መዝገብ ብቻ ነው።

ማካፈልም ምርጫ ነው

ወደ መዝገቡ ከመግባታችን በፊት በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ አንድ አስተሳሰብ እናርም። ብዙዎች «አንድ ጊዜ ሲደመጥ ይህን ያህል ሣንቲም ይከፈላል» ይላሉ። በአብዛኞቹ አገልግሎቶች እንዲህ ያለ ቋሚ ዋጋ የለም። የተለመደው አሠራር የደንበኞችን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ቋት ሰብስቦ በጠቅላላው የመደመጥ ብዛት ማካፈል ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ደንበኞች በወር 100 ብር ይከፍላሉ፤ ድርጅቱ ከእያንዳንዳቸው 30 ብር አስቀርቶ 70 ብር ለባለመብቶች ያውላል። ቋቱ ውስጥ 140 ብር አለ። አንደኛው ተማሪ በወሩ ውስጥ የአንድ ክራር ደርዳሪን ሥራ ብቻ 10 ጊዜ ያደምጣል። ሌላኛዋ ስልኳን የማታጠፋ ሆና የአንድ ታዋቂ ድምፃዊን ሥራ 990 ጊዜ ታስደምጣለች። በአንድ ቋት አሠራር ክራር ደርዳሪው የሚደርሰው 1 ብር ከ40 ሣንቲም ሲሆን ድምፃዊው 138 ብር ከ60 ሣንቲም ያገኛል። የተማሪው 70 ብር አብዛኛው አንድም ጊዜ ላላደመጠው ሰው ሄደ ማለት ነው። እያንዳንዱ ደንበኛ የከፈለው እርሱ ላደመጣቸው ብቻ ቢከፋፈል ግን ሁለቱም 70 ብር፣ 70 ብር ያገኙ ነበር።

ሁለቱም ቀመሮች በሒሳብ ትክክል ናቸው። የትኛው ፍትሐዊ ነው የሚለውን ግን ሒሳብ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ውይይትና ስምምነት ነው። ሳውንድክላውድ በ2021 ሁለተኛውን ዓይነት አከፋፈል በከፊል ሥራ ላይ አውሏል። ስፖቲፋይ በበኩሉ ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ቅጂ ከቅጂው ሮያሊቲ ድርሻ እንዳይኖረው ወስኗል። እነዚህ የተፈጥሮ ሕጎች አይደሉም፤ ሰዎች የመረጧቸው ደንቦች ናቸው። የሚነኩት ሰዎች ካልተረዷቸው ግን ሌሎች ይመርጡላቸዋል።

የዘፈን መታወቂያ ቁጥር

አሁን ወደ ባለቤትነት እንመለስ። በዲጂታል ዓለም አንድ ዘፈን ሁለት መታወቂያ ያስፈልገዋል። አንዱ ለተቀዳው ድምፅ የሚሰጥ ሲሆን አይኤስአርሲ ይባላል፤ 12 ፊደላትና አኃዞች አሉት። ሌላው ለድርሰቱ፣ ማለትም ለግጥሙና ለዜማው፣ የሚሰጥ ሲሆን አይኤስደብልዩሲ ይባላል። አንድ ዘፈን በአምስት ድምፃውያን ቢዘፈን አምስት የቅጂ ቁጥሮች ይኖሩታል፤ የድርሰት ቁጥሩ ግን አንድ ነው።

የድርሰት ቁጥሩ «ቲ» በሚል የላቲን ፊደል ይጀምርና 9 አኃዞችን ካስከተለ በኋላ በአንድ መፈተሻ አኃዝ ያበቃል። መፈተሻው እንዲህ ይሰላል፦ የመጀመሪያው አኃዝ በ1፣ ሁለተኛው በ2፣ እንዲህ እያለ ዘጠነኛው በ9 ይባዛል፤ ውጤቶቹ ተደምረው 1 ይጨመርባቸዋል፤ ድምሩ ለ10 ሲካፈል የሚተርፈው ከ10 ይቀነሳል፤ ልዩነቱ 10 ከመጣ 0 ይጻፋል። የመጀመሪያው ቁጥር፣ 000.000.001፣ የተሰጠው አባ የተባለው የስዊድን ቡድን ለሚታወቅበት «ዳንሲንግ ኩዊን» ነው። 9 ጊዜ 1፣ 9፤ ሲደመር 1፣ 10፤ ቀሪው 0፤ ስለዚህ መፈተሻው 0 ነው። አንድ ጸሐፊ ተሳስቶ 1ን በስምንተኛው ቦታ ላይ ቢጽፋት ድምሩ 9፣ መፈተሻውም 1 ይሆን ስለነበር ስሕተቱ ወዲያው ይያዛል። ከዘጠኙ አኃዞች ሁለት ጎረቤቶች ቦታ ሲለዋወጡ ይህ ዘዴ ሁልጊዜ እንደሚይዛቸው ማረጋገጥ ለአንባቢ የምንተወው ጥያቄ ነው። የማይዘው ስሕተትም አለ፦ በአምስተኛው ቦታ 2 በ4 ቢተካ ምን ይሆናል?

ነገር ግን ከሁሉ የከፋውን ስሕተት የትኛውም መፈተሻ አኃዝ አይዘውም። ቁጥሩ ፍጹም ትክክል ሆኖ ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈው የደራሲ ስም የተሳሳተ ወይም ባዶ ሊሆን ይችላል።

ባለቤቱ ያልተገኘ ገንዘብ

ይህ ተራ ሥጋት እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ከአሜሪካ እናገኛለን። አሜሪካ በ2018 ባወጣችው የሙዚቃ ሕግ መሠረት ከስትሪሚንግ የሚገኘውን የድርሰት ማባዣ ሮያሊቲ የሚሰበስብ አንድ ማዕከላዊ ተቋም ተመሠረተ። በ2021 መጀመሪያ የስትሪሚንግ ድርጅቶች ለዓመታት ባለቤቱን ማወቅ ያልቻሉትን የተከማቸ ገንዘብ ለዚህ ተቋም አስረከቡ። መጠኑ ከ424 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ገንዘብ የተሰረቀ አልነበረም። አድማጩ ከፍሏል፣ ድርጅቱ ቆጥሯል፣ ድርሻው ተሰልቷል። የጎደለው «ለማን?» ለሚለው መልስ ብቻ ነበር።

ሕጉ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ገንዘቡ ለተወሰነ ጊዜ ተይዞ ባለቤቱ ካልቀረበ በገበያ ድርሻቸው መጠን ለሚታወቁት ባለመብቶች ሊከፋፈል ይችላል። ስሙ በመዝገብ ላይ የሌለ ደራሲ ድርሻውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ድርሻው ለሌላው ተጨማሪ ይሆናል።

ይህ ከእኛ ምን ያገናኘዋል? በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን የአማርኛ ዘፈን በስልካቸው ባደመጡ ቁጥር የግጥምና የዜማ ደራሲው ድርሻ በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ደራሲው አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ደሴ ሊኖር ይችላል። መዝገቡ ካላወቀው ግን ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቀራል።

ፀሐይ ስንት ዓይነት ትጻፋለች?

በካሴት ዘመን ብዙ ጉድለት ነበር፤ አንድ በጎ ነገር ግን ነበረው። ከካሴቱ ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» እየተባለ ስም ይዘረዘር ነበር። ካሴቱ ወደ ፋይል ሲለወጥ ወረቀቱ ቀረ። ዛሬ በብዙ ፋይሎች ላይ የምናገኘው የዘፈኑን ርእስና የድምፃዊውን ስም ብቻ ነው፤ ያውም በላቲን ፊደል።

ስሙ ሲገኝም ችግሩ አያበቃም። «ዓለም ፀሐይ» የሚለውን የተለመደ ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ ሊጻፍ ይችላል፤ 4 ምርጫ። «ፀ» በጸም ይጻፋል፤ 2 ምርጫ። «ሐ» ደግሞ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ፤ 6 ምርጫ። 4 በ2 በ6 ሲባዛ 48 ነው። ስሙ ተያይዞም ተነጣጥሎም ስለሚጻፍ 96 ይደርሳል። ለእኛ ለአንባቢዎች አንዲት ሴት ናት፤ ለኮምፒዩተር ግን 96 የተለያዩ ሰዎች። ወደ ላቲን ፊደል ሲዞር ደግሞ «ጸ»ን፣ «ቀ»ን እና «ጨ»ን እያንዳንዱ ጸሐፊ በፈቀደው መንገድ ስለሚጽፋቸው ብዛቱ ይጨምራል። እንደ ሙላቱ አስታጥቄ ያለ ዓለም የሚያውቀው የሙዚቃ ሰው እንኳ የአባቱ ስም በተለያዩ ሸክላዎች ላይ በተለያየ የላቲን ፊደል ተጽፎ ይገኛል። እርሱን ዝናው ያገናኘዋል፤ ዝና የሌለውን የግጥም ደራሲ ማን ያገናኘዋል?

ሌላም አለ። የውጭዎቹ መዝገቦች «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ አላቸው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም እንጂ። አንድ ደራሲ አርፎ ልጁ በወራሽነት ቢቀርብ በልጁ «የቤተሰብ ስም» ቦታ የሚገኘው የሟቹ የራሱ ስም ነው፤ በሟቹ ቦታ ያለው ደግሞ የአያቱ። ሩቅ አገር የተቀመጠው መዝጋቢ ሁለቱን ባዕዳን አድርጎ ቢቆጥራቸው አይፈረድበትም።

የኮምፒዩተር ተማሪ «ቀላል ነው፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ እንቀይራቸው» ሊል ይችላል። ለፍለጋ እውነት ነው፤ 96ቱ አንድ ይሆናሉ። ለመዝገብ ግን አደጋ አለው። «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ ብልጭ አለ ሲሆን «ሰረቀ» ማለት የሌላውን ወሰደ ነው። ሠረቀ ብርሃን የተባለን ደራሲ በእሳቱ ሰ ብንመዘግበው ሮያሊቲውን ሳንሰጠው ስሙን በሌብነት እናጠፋዋለን። ስለዚህ ማሽኑ የሚፈልግበት ቅርጽና ባለቤቱ ራሱን የሚጽፍበት ቅርጽ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። ይህንን የሚያስበው አማርኛ የሚያነብ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው፤ ከውጭ እስኪመጣልን የምንጠብቀው አይደለም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«የእኛ ችግር ሕገ ወጥ ቅጂ ነው፤ መዝገቡ ይቆይ» የሚሉ ይኖራሉ። ሕገ ወጥ ቅጂ ጉዳት ማድረሱን አንክድም። ሆኖም ነገ ሕገ ወጥ ቅጂ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋና ሁሉም ቢከፍል የሚሰበሰበው ገንዘብ የሚያርፈው በዚያው ጎዶሎ መዝገብ ላይ ነው። ቧንቧው ሳይገጠም ግድብ መሥራት ይሆናል።

«መዝገብ ቢከፈት የሌላውን ሥራ የራሱ አድርጎ የሚያስመዘግብ ይመጣል» የሚለውም ሥጋት ተገቢ ነው። በተለይ ደራሲያቸው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማዎች አሉን፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ደግሞ ቅኝቶች እንጂ የአንድ ሰው ንብረት አይደሉም። መድኃኒቱ ግን መዝገቡን መዝጋት አይደለም። የተዘጋ መዝገብ ሌባውን ይደብቃል፤ የተከፈተ መዝገብ ግን ሌሎች አይተው «ይህ የእገሌ ነው» እንዲሉ ያስችላል። ሊገለጥ የሚገባው ስምና ድርሻ ነው፤ የስልክና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ግን በምስጢር መያዝ ይኖርበታል።

«ይህ የመንግሥትና የማኅበራት ሥራ ነው» የሚለው ሦስተኛው ነው። በኃላፊነት ረገድ እንስማማለን፤ መዝገቡን በሕግ የሚያጸኑት እነርሱ ናቸው። ዕውቀቱ ግን በየቤቱ ተበትኖ ነው ያለው። ለመሰብሰብ ብዙ እግርና ብዙ ጆሮ ያስፈልጋል።

ምን እናድርግ?

ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ማንኛውም አዲስ ዘፈን ከመለቀቁ በፊት ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ቅንብሩንና ድምፁን የሠሩት ሰዎች ስማቸውንና የድርሻቸውን መቶኛ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ይፈራረሙ። ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ የሚደረግ ክፍፍል ጠብ ያመጣል፤ ሳይታወቅ በፊት ግን ሁሉም ቅን ነው።

ሁለተኛ፣ የሚመለከታቸው ተቋማት የሚያቋቁሙት መዝገብ በግእዝ ፊደል የሚጀምር፣ ለእያንዳንዱ ባለመብት አንድ የማይደገም መለያ ቁጥር የሚሰጥ፣ ከዓለም አቀፎቹ ቁጥሮችም ጋር የሚገናኝ ይሁን። ስም ይለዋወጣል፤ ቁጥር ግን ሰውየውን በ96ቱም አጻጻፍ ውስጥ ያገኘዋል።

ሦስተኛው ለእናንተ ለተማሪዎች ነው። ለመመረቂያ ሥራ ርእስ የምትፈልጉ፣ የአማርኛ ስሞችን የሚያዛምድ አልጎሪዝም፣ በሌላ ድምፃዊ የተደገመን ዜማ የሚለይ ዘዴ፣ የአከፋፈል ቀመሮችን የሚያነጻጽር ጥናት፣ ሁሉም ሠሪ ይጠብቃሉ። ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያላችሁ ደግሞ ከዚህ የቀለለ፣ ምናልባትም የበለጠ የሚያስቸኩል ሥራ አለላችሁ። በቤታችሁ ያሉትን የድሮ ካሴቶችና ሸክላዎች አውጡ፤ ወረቀታቸውን አንብቡ፤ የግጥሙንና የዜማውን ባለቤቶች ስም እንደተጻፈ ገልብጡ። በሰፈራችሁ በወጣትነታቸው ግጥም ይሰጡ የነበሩ አባት ወይም እናት ካሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። የትኛው ዘፈን የእርሳቸው እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሠሩት፣ ስማቸውን በየትኛው «ጸ» እንደሚጽፉ መዝግቡ። ይህን ዕውቀት የሚተካ ማሽን የለም፤ ባለቤቶቹም በየዓመቱ እያነሡን ነው።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ሕጉም በራሱ መንገድ ይህንኑ ይላል፤ የደራሲውን ስም ከመቃብር በላይ ለ50 ዓመታት ከነጥቅሙ ያውለዋል። በዚያ ታክሲ ውስጥ የተሰማው የቆየ ዘፈን የግጥም ደራሲው አርፎ ቢሆን እንኳ ልጆቹ ምናልባት ከዚያው ታክሲ ተሳፋሪዎች መካከል ይኖሩ ይሆናል። ዘፈኑ ተቆጥሯል፤ ድርሻው ተሰልቷል። ወደ እነርሱ እንዲደርስ የሚቀረው አንድ ሰው ስሙን በትክክል መጻፉ ነው።